ድልድዩን ተሻግረው ነበር

አባዬ የድንበር አውቶቡስ ሾፌር ነበር። የሙያ ጓደኞቹ «ቀስበቀስ» ይሉት ነበር፤ ስሙም በከንቱ አልወጣለትም። ከመናኸሪያችን እስከ ወንዙ ማዶ ከተማ ያለውን መንገድ፣ ሌላው ሾፌር በሁለት ሰዓት የሚጨርሰውን፣ እሱ የግማሽ ቀን ጉዞ ያደርገው ነበር። ተሳፋሪ ሲያጉረመርም በመስታወቱ ያየውና «የቸኮለ ወርዶ ይሩጥ፣ እዚያው እንገናኛለን» ይላል፤ ያጉረመረመው ሰውዬ ራሱ ይስቃል። እኔ የሞተሩ ክዳን ላይ በታጠፈ ብርድ ልብስ ተቀምጬ፣ ቂጤን እየሞቀኝ፣ በዓለም ላይ ከዚህ ሰው የሚበልጥ ትልቅ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶም ቢሆን ይህን እምነቴን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም።

ድልድዩ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ የብረት ድልድይ ነው። ሁለት አውቶቡሶች መሐል ላይ ፊት ለፊት ከተገጣጠሙ አንዱ የግድ ወደ ኋላ መንዳት አለበት። መንግሥት ስለዚህ ጉዳይ ያወጣው ደንብ አልነበረም፤ ሾፌሮቹ ግን የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ብዙ ሰው የጫነ ያልፋል፣ ጥቂት የጫነ ይመለሳል። ሁለቱ ሾፌሮች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ጣታቸውን እያወጡ የተሳፋሪ ቁጥር ይነጋገራሉ። የማዶው ሾፌር ማጭበርበር ይወድ ነበር። አባዬ ወርዶ ሄዶ በመስኮት አጮልቆ፣ «አንተ ሰው፣ ያቺን ፍየል ከሰው ቆጠርካት እንዴ?» ሲለው፣ ያኛው ደግሞ «ቲኬት ቆርጣለች፣ ምን ላድርጋት!» ሲል፣ የሁለቱም አውቶቡስ ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

ከተስማሙም በኋላ ቶሎ አይለያዩም። ጋዜጣ ይለዋወጣሉ፣ የልጆች ጤና ይጠያየቃሉ፣ ሰው የሰጣቸውን አደራ ይቀባበላሉ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ሲያምባርቅ ነው «በል በል» ተባብለው የሚንቀሳቀሱት። እኔ ዛሬ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጎረቤት አገሮች ክፍል ባልደረባ ነኝ። «የሁለትዮሽ ግንኙነት» የሚለውን ቃል በቀን ስንቴ እንደምጽፈው እኔ ነኝ የማውቀው፤ በጻፍኩት ቁጥር ግን ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሁለት ሾፌሮች ስለ አንዲት ፍየል ሲጨቃጨቁ ነው።

ታላቅ እህቴም፣ እታለም የምላት፣ የተዳረችው በዚሁ አውቶቡስ ነው። ባሏ የማዶ ሰው፣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። የሠርጉ ዕለት አባዬ ራሱ ነዳ፤ ከሌላው ጊዜ የባሰ ተንቀራፈፈ። እማዬ ከኋላው ሆና «ኧረ በናትህ ዛሬ እንኳ ፍጠን፣ ሰው እየጠበቀን ነው» አለችው። «ልጄን ለሰው ልሰጥ ነው እንዴ የምፈጥነው?» አላት። እማዬ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተመልሳ ሳቀች። ያን መንገድ እንደገና ለመሄድ የዕድሜዬን ግማሽ እሰጥ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት አገራችን አበደች። በመሥሪያ ቤታችን ለዚያ ዘመን የምንጠቀምበት ጨዋ ቃል አለን፤ «አሳዛኝ ክስተቶች» እንለዋለን። አሁን ቢሮ አይደለሁምና እንደነበረው ልናገረው። የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆነ ሁሉ የአገር ጠላት ነው ተባለ፤ ወታደሩም ሰውን ከቤቱ፣ ከፋብሪካው፣ ከሐኪም ቤት አልጋው ሳይቀር እያወጣ ገደለ። አባዬ የሾፌሮች ማኅበር ጸሐፊ ነበር። አንድ ማለዳ ማኅበርተኞቹን ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው ጭኖ ወደ ድልድዩ ነዳ። እኔን ኩፍኝ ይዞኝ ስለነበር እማዬና እኔ ቀረን። «እነዚህን አድርሼ ነገ እመጣላችኋለሁ» ብሎ ግንባሬን በእጁ ጀርባ ዳሰሰኝና ሄደ።

በነጋታው አልመጣም። በእኛ በኩል ካለው የጉምሩክ ግቢ ውስጥ ሁሉንም ገደሏቸው። ማዶ ደርሰው ነበር የሚል ወሬ ነበር፣ አልደረሱም የሚልም ነበር። ድልድዩ በዚያው ሳምንት ተዘጋ፤ እታለም ማዶ፣ እኛ ወዲህ ቀረን።

ከዚያ መንግሥት በኋላ የመጡት ሁሉ ስለ ጉምሩኩ ግቢ ላለመናገር ተማምለው የመጡ ይመስሉ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን አንድ ተራ ነገር ሆነ፤ የግቢውን የውኃ ቧንቧ ሊቀይሩ የቆፈሩ ሠራተኞች አጥንት አገኙ። አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ የቀድሞ ወታደሮች ቀርበው አውቶቡሱ ከማዶ ተመልሶ መምጣቱን ሳይቀር ተናገሩ፣ በመጨረሻም መንግሥት በምክር ቤት ቆሞ «የገደልናቸው እኛ ነን» አለ። ያን ቀን እማዬ ቴሌቪዥኑን ዘጋችና «በል አሁን ሻይ አፍላልኝ» አለችኝ። በድልድዩ አፋፍ የመታሰቢያ ድንጋይ እንዲቆም ተወሰነ። ጽሑፉን ያዘጋጀው የሟች ቤተሰቦች ኮሚቴ ነው፤ የኮሚቴው የዕድሜ ባለጸጋ ደግሞ እማዬ ናት። ከስሞቹ በታች የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ድልድዩን ተሻግረው ነበር። መለሷቸው።»

ጣጣው የመጣው ከዚህች መስመር ነው።

የጎረቤት አገር አምባሳደር ለስለስ ያሉ፣ ኪሳቸው ከረሜላ የማያጣ ሽማግሌ ናቸው። እኛ ስለ ራሳችን ጥፋት ስንናዘዝ ከሁሉ ቀድመው እንኳን ደስ ያላችሁ ያሉት እሳቸው ነበሩ። «ይህ ጀግንነት ነው፤ ለአካባቢው ሁሉ ምሳሌ ነው» ብለው እጄን ይዘው ወዘወዙኝ። የድንጋዩን ጽሑፍ ያዩ ዕለት ግን ከረሜላም አላወጡም። ከምክትል ሚኒስትራችን ፊት ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ክቡር ሆይ፣ እናንተ ቤታችሁን ስትጠርጉ ቆሻሻው በእኛ ደጅ መከመር አለበት?» አሉ።

«መስመሩ የማንንም አገር ስም አይጠራም» አልኩ እኔ። ሳልጠየቅ መናገሬ ነው።

«ልጄ፣ ድልድይ ሁለት ጫፍ ነው ያለው» አሉኝ። «እናንተ ካልመለሳችኋቸው ማን መለሳቸው ሊባል ነው? የእኛ የታሪክ መጽሐፍ አውቶቡሱ ድልድዩን አልጨረሰም ነው የሚለው። ያን ጊዜ የድንበር ጦራችንን ያዝዙ የነበሩት ሰው ዛሬ ማን እንደሆኑ ታውቃለህ። እናንተ አፋችሁን ስትከፍቱ የእኛ ሰውም የእኛን አፍ ሊያስከፍት ነው።»

ማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ፎቷቸው በኤምባሲው እንግዳ መቀበያ ተሰቅሏል።

ከዚያ አምባሳደሩ ይዘው የመጡትን አወጡ። መስመሩ ከቀረ ድልድዩ በምረቃው ዕለት ይከፈታል። ያ ሁሉ ዓመት ስንለምነው የኖርነው ድልድይ! ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ መስመር ውልም በዚያው ሳምንት ይፈረማል፤ የመጀመሪያው አውቶቡስም ማዶ ያሉ ዘመዶቻችንን ጭኖ ይመጣል።

አምባሳደሩ እንደወጡ ምክትሉ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ናቸው። «አንድ መስመር ነው! ስሞቹ አሉ፣ ቀኑ አለ፣ ማን እንደገደላቸው አለ። ለአንድ መስመር ድልድይ ይቀራል?» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የኮሚቴው ሽማግሌ እናትህ ናቸው አይደል? እህትህም ማዶ ናት። እሳቸው እሺ ካሉ ኮሚቴው እሺ ይላል። ሄደህ ንገራቸው» አሉኝ።

እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ዓይኗ ስለደከመ በጣቷ ነው የምትለቅመው፤ ቤታችን ጠጠር የሌለው ምስር የተበላበት ቀን ትዝ አይለኝም። ልቧ ታማሚ ነው። ማዶ ለመድረስ በሦስተኛ አገር በኩል ሁለት አውሮፕላን መቀያየር ያስፈልጋል፤ ሐኪሟ ደግሞ አንዱንም እንዳታስቢው ብሏታል። እታለምም የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ናትና የመውጫ ፈቃድ አልሰጧትም። በስልክ በምስል ይተያያሉ፣ ግን እማዬ ለዚያ ነገር ክብር የላትም። «ይሄ መስታወት ነው» ትላለች፣ «እጄን ስሰድለት ይቀዘቅዘኛል።»

የተባልኩትን ነገርኳት። ምስሩን መልቀም አላቆመችም።

«እውነት ይከፍቱታል?» አለችኝ።

«ይከፍቱታል።»

«መቼ?»

«በምረቃው ዕለት። እታለም በመጀመሪያው አውቶቡስ ትመጣለች።»

«እንግዲያው መስመሩ ይቅር» አለች።

እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ትላለች ብዬ አልጠበቅኩም። ልለምናት የመጣሁት ሰውዬ ራሴ ተቆጣሁ። «እማዬ፣ አባዬ'ኮ ነው! እንዴት ሳታስቢው—»

«ሳላስበው?» ቀና አለች። «አንተ ቢሮህ ቁጭ ብለህ ነው የምታስበው፤ እኔ ሌላ ሥራ የለኝም። አባትህን ሠላሳ ዓመት ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ። እሱ እንደሆን አይቸኩልም፣ ታውቀዋለህ። እኔ ግን ጊዜ የለኝም። የሞተውን ልምረጥ ያለችውን? አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ? ንገረኛ!»

እኔም እኮ እታለምን ልያት ብዬ የማልሆነው ነገር የለም።

የምስራቹን ራሷ ልትነግራት ፈለገች። ደወልኩላት። እታለም ብቅ አለች፣ ያው በመስታወቱ ውስጥ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ። እማዬ እንደ ልጅ እየተቻኮለች ነገረቻት። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ነቀነቅኩት።

«እማዬ» አለች እታለም፣ «እኔ እዚያ ነበርኩ።»

«የት?»

«እዚህ ድልድዩ አፍ ላይ ካለው መናኸሪያ ጋ። የማዶው ሾፌር ቀድሞ መልእክት አድርሶልኝ ነበር። ሻይ በፔርሙዝ ይዤ ልቀበላችሁ ወጣሁ፤ አንቺም ያለሽ መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ ተሻገረ፣ እማዬ። ቆመ። ሰው ወረደ። አንዲት ሴትዮ የልጇን ፊት ስታጥብ አይቻለሁ። አባዬ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ያ ልማዱ ነው። ልጠራው ስል ወታደሮቹ መጡ። የእኛዎቹ፣ የዚህ አገሮቹ። ሰውን በዱላ መልሰው አሳፈሩት። አባዬ መኪናውን እንዲያዞር እንኳ አልፈቀዱለትም፤ እንዳለህ ወደ ኋላ ንዳ አሉት። አባዬ ሙሉ አውቶቡስ ይዞ ወደ ኋላ ሲነዳ አይቼ አላውቅም ነበር።»

እማዬ ምስሩን ሰፌድ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ቀስ ብሎ ነው የነዳው» አለች እታለም። «ድልድዩን እስኪጨርስ ፊቱ ወደ እኔ ነበር። አየኝ። እጁን ከመሪው አነሳልኝ።»

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ባሏ ሥራውን እንዳያጣ፣ ልጆቿ በሰፈር እንዳይጠቆሙ ብላ ውጣው ኖራለች። «ልጆቼ በትምህርት ቤት የተማሩት ያ አውቶቡስ እዚህ አልደረሰም ነው» አለች። «ቤት መጥተው ሲያጠኑ ቆሜ እሰማ ነበር። መስመሩን ካስቀራችሁት እኔ ያየሁት የት ተጻፈ ልበል? እማዬ፣ አንቺን ለማየት በእግሬም እመጣ ነበር። አባዬን ድጋሚ በመለሱበት ድልድይ ግን አልመጣም።»

«አትመጪም?» አለች እማዬ። ድምጿ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር።

«አልመጣም፣ እማዬ። ይቅር በይኝ።»

እማዬ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው። ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ሸፍናው ቆየች። በመጨረሻ መዳፏን አነሳችና ለእታለም ሳይሆን ለእኔ፣ «ይጻፉት በላቸው» አለችኝ።

ምክትሉ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ምን እንዳመጣህብኝ ታውቃለህ?» አሉ። አውቅ ነበር። አምባሳደሩ በሳምንቱ ለምክክር ወደ አገራቸው ተጠርተው ሄዱ፤ ሲሰናበቱኝ አንዲት ከረሜላ ሰጡኝ፤ በእኔ ቂም እንደሌላቸው ሊነግሩኝ ይሆናል። የኤሌክትሪኩ ውል ተንጠለጠለ። ነጋዴዎች ደጃችን ድረስ መጥተው «ሙታንን እያነሳችሁ ሕያዋንን ልትቀብሩ ነው?» እያሉ ጮኹብን፤ እነሱም እኮ ያሉት ሐሰት አይደለም። የሌላ ጎረቤት አገር ዲፕሎማት ደግሞ በአንድ ስብሰባ እረፍት ላይ ጥግ ይዞኝ ግራ ቀኙን አየና፣ «ለመሆኑ እናንተ መናዘዙን ከየት ነው የጀመራችሁት?» አለኝ። ከውኃ ቧንቧ ነው አልኩት። የቀለድኩበት መሰለውና ቅር ብሎት ሄደ።

ለምረቃው እማዬን በመኪናዬ ወሰድኳት። ያን መንገድ ከአባዬ ወዲህ አብረን ሄደንበት አናውቅም። አስፋልቱ አዲስ ነው፣ ኩርባዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። «እዚህ ጋ ነው ሰው ለሽንት የሚወርደው» ትለኛለች፤ «እዚህ ጋ አባትህ ሞተር ያቀዘቅዝ ነበር። እዚህች ዛፍ ሥር ማንጎ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፤ በጣም ነበር የምትስቅለት፣ ደስ አትለኝም ነበር።» ከሠላሳ ዓመት በኋላ በማንጎ ሻጯ ትቀናለች። ትንሽ ፈጠን ስል ጉልበቴን መታ ታደርገኛለች። እኔም ቀስ እያልኩ፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋብኝ፣ ደስ ብሎኝ ነዳሁ።

ድልድዩ ዝጎ ቆሟል። ከድንጋዩ ፊት ወንበር ተደርድሯል፤ ለጎረቤቶቻችን ያዘጋጀናቸውን ወንበሮች ጠዋት አስነስተናቸዋል። ማዶ መጀመሪያ የቆሙት የድንበር ጠባቂዎች ብቻ ነበሩ። በኋላ ግን ሰው መምጣት ጀመረ። ባለሥልጣን አንድም የለም፤ ተራ ሰው ነው፣ ሁለትም ሦስትም እየሆነ በወንዙ ዳር ቆመ። ጠባቂዎቹ ሊበትኑት ሞከሩ፤ ወዲያ ሲሉት ወዲህ እየመጣ አስቸገራቸው። የስልክ ኔትወርክ ከማለዳ ጀምሮ ተቋርጦ ነበር። እታለም ቀደም ብላ ቢጫ ሻርፕ አደርጋለሁ ብላኝ ስለነበር በዓይኔ ፈልጌ አገኘኋት።

«አለች?» አለች እማዬ። ለእሷ ማዶው ጭጋግ ነው።

«አለች፣ እማዬ። ከፊት ናት።»

«ከስታለች?»

«ከዚህ አይታወቅም።»

ንግግር የምታደርገው እማዬ ነበረች። ክንዷን ይዤ ማይክሮፎኑ ጋ አደረስኳት። ከመጀመሯ በፊት ወደ እኔ ዞራ «ትሰማኛለች?» አለች።

«አትሰማሽም። ድምፅ ማጉያዎቹ ወደ እኛ ነው የዞሩት።» ምክትሉ ጎረቤት እንዳይቆጣ ብለው በጥብቅ ያዘዙት ነገር ነው፤ ያስፈጸምኩትም እኔው ራሴ ነኝ።

«አዙረዋ» አለች፣ መብራት አጥፋ እንደምትለኝ ሁሉ።

ምክትሉን አየኋቸው። አይሆንም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ሄጄ የመጀመሪያውን ድምፅ ማጉያ ከነማቆሚያው አቅፌ ወደ ወንዙ አዞርኩት፤ ሁለተኛውንም ደገምኩ። ስመለስ ምክትሉ ሳያዩኝ፣ ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣ «ይህን ሰኞ እንነጋገርበታለን» አሉኝ። ተነስተው ግን አላስቆሙኝም።

ኮሚቴው ያዘጋጀላትን ወረቀት እማዬ ማንበብ አትችልም፤ በቃሏ አጥንታው ነበር። አንዱንም አላለችው። እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ፣ በጣቷ እየዳሰሰች፣ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አነበበች። «ድልድዩን ተሻግረው ነበር። መለሷቸው።» ድምጿ በወንዙ ላይ ሄደ። ማዶ ያለው ሰው ቀጥ አለ። ባርኔጣ ያደረጉት ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከጠባቂዎቹም አንዱ እጁን ወደ ቆቡ ሲሰድ አየሁና ዞር አልኩ፤ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

በዚህ ላይ ማብቃት ነበረባት። መርሐ ግብሩ እንዲያ ነው የሚለው። እሷ ግን ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችና ወደ ከንፈሯ አስጠጋችው።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አለች። «በልተሽ ነው የመጣሽው?»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ማዶ ቢጫው ሻርፕ ወደ ላይ ተነሳ፣ ተውለበለበ። እታለም ሁለት እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ ጮኸች። ነፋሱ ወደዚያ ነበር የሚነፍሰው፤ ምንም አልተሰማም።

«ምን አለች?» አለችኝ እማዬ።

«በልቻለሁ ነው ያለችው።»

እማዬ ማይክሮፎኑን አልለቀቀችም። «ውሸቷን ነው» አለች፤ ሁለት አገር ሰማት።